አስፋልት ላይ የተለማመዱት በረዶ

በሐረሪ ክልል ካሉት የገጠር ወረዳዎች አንዱ ድሬ ጠያራ ይባላል። ጠያራ የዱሮ ሰዎች አውሮፕላንን የሚጠሩበት ስም ነው፤ ድሬ ደግሞ በኦሮምኛ ሜዳ ነው። የአውሮፕላን ሜዳ እንደ ማለት። አካባቢው ከፍታ አያንሰውም፤ ሐረር ራሷ የተቀመጠችው ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ላይ ነው። ቁጥሩን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። ስላሎም የሚባለው የበረዶ ሸርተቴ ውድድር የተወለደባት ሙረን የምትባል የስዊዘርላንድ መንደር 1,650 ሜትር ገደማ ናት። እንግዲህ አንድ የሐረር ሰው ደጃፉ ላይ ቆሞ ጫቱን ሲቀነጥብ፣ ከስላሎም የትውልድ መንደር ከ200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ነው የሚውለው። ከፍታው አለን፤ ቁልቁለቱም አለን። የቀረብን በረዶው ብቻ ነው። ለምድር ወገብ እንዲህ ቀርቦ በረዶ መሬት ላይ እንዲያድር ከ4,000 ሜትር በእጅጉ ማለፍ ያስፈልጋል፤ ራስ ዳሸን እንኳ ከ4,500 ሜትር በላይ ሆኖ ነጭ ካባውን የሚደርበው ለጥቂት ቀን ነው።

ቃሉም ራሱ ያስቸግራል። በነጎድጓድ መካከል ቆርቆሮ የሚደበድበውን ጠጠር በረዶ እንለዋለን፤ ፍሪጅ ውስጥ የረጋውንም ውሃ በረዶ እንለዋለን፤ በአልፕስ ተራሮች ላይ እንደ ጥጥ ባዘቶ ድምፅ ሳያሰማ የሚወርደውንም በረዶ እንለዋለን። መጽሐፍ ቅዱስን የተረጎሙት ሊቃውንት አመዳይ የሚል ቃል ነበራቸው፤ ዛሬ ግን ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ብዙ አይሰማም። ከዚያ ደግሞ «የክረምት ኦሊምፒክ» የሚል ትርጉም መጣ። ውድድሩ የሚካሄደው በየካቲት፣ እኛ በጋ በምንለው፣ አቧራው በሚጨስበት ወር ነው። ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ክረምት ጭቃና ጉም እንጂ ነጭ ተራራ አይደለም። በዚህ ቃል እንኳ በሌለው ነገር ውስጥ አንድ ኢትዮጵያዊ ሄዶ ባንዲራ ተሸከመ። ወደ እሱ ከመድረሳችን በፊት ግን ጥቂት መንገድ አለ።

ከሐረር የታሪክ ሰዎች መካከል የአልፕስን በረዶ በእግሩ እየማሰ የተሻገረው አንድ ፈረንጅ ነው። ሐረሮች ራምቦ የሚሉት፣ በጀጎል ውስጥ በስሙ የሚጠራ ቤት ያለው ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ፣ ከትውልድ አገሩ ተነሥቶ ወደ ጣልያን ለመውረድ እ.ኤ.አ. በ1878 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የስዊዘርላንዱን የጎታርድ መተላለፊያ በእግሩ አቋረጠ። በተራራው ሆድ ውስጥ የባቡር ዋሻ እየተቆፈረ ነበር፤ አላለቀምና ራምቦ በላይ በላዩ፣ በውርጩ መካከል ሄደ። ጄኖዋ ሲደርስ ኅዳር 17 ቀን ያንን መንገድ ለቤተሰቡ በዝርዝር ጻፈ። ግጥም መጻፍ ከተወ በኋላ ከጻፋቸው ደብዳቤዎች መካከል ለእኔ ከሁሉ የሚልቀው እሱ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1880 መጨረሻ፣ ለኤደን የቡና ነጋዴዎች ተቀጥሮ ሐረር ገባ። ከዚያ በኋላ የሚያማርረው ሌላ ሌላውን ነው፤ በረዶውን ወደ ኋላው ጥሎታል።

ያን ጊዜ በአውሮፓ በረዶ ላይ መንሸራተት በአብዛኛው የገበሬና የፖስተኛ መጓጓዣ እንጂ የስፖርተኛ ሙያ አልነበረም። ስላሎም የሚለው ቃል የኖርዌዮች ነው፤ ቴሌማርክ በተባለው አውራጃ፣ ሞርጌዳል በምትባል መንደር፣ ዛፍና ድንጋይ እየሸሹ ቁልቁል የሚወረድበትን ዱካ የሚጠሩበት። የዘመኑን ስላሎም መልክ የሰጠው ግን አርኖልድ ለን የሚባል እንግሊዛዊ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 21 ቀን 1922 ሙረን ላይ ቋሚዎችን ሁለት ሁለት አድርጎ በረዶው ላይ ተከለና እያንዳንዱን ጥንድ «በር» አለው። ከዚያ በፊት ዳኞች የሚመለከቱት የተንሸራታቹን አኳኋን ነበር፤ ማን አማረበት፣ ማን ተዋበ እያሉ ነጥብ ይሰጣሉ። ለን ውበቱን ትቶ ሰዓቱን ያዘ። በሮቹን ሁሉ በየተራ አልፎ ቶሎ የደረሰ ያሸንፋል። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1931፣ በዚያችው መንደር የመጀመሪያው የቁልቁለት ስኪ የዓለም ሻምፒዮና ተካሄደ።

ቀጥሎ የማነሣው ዓመት የእኛንና የበረዶውን ታሪክ አንድ ላይ ያጋጨ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ቆም እላለሁ።

እ.ኤ.አ. የካቲት 1936። በጀርመን ጋርሚሽ ፓርተንኪርሸን ላይ የክረምት ኦሊምፒክ ይካሄዳል። የቁልቁለት ስኪ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ተካቷል፤ ለብቻው ሳይሆን ቁልቁለቱና ስላሎሙ ተደምረው አንድ ሜዳሊያ በሚሰጥበት መልክ። ጀርመናውያኑ ፍራንዝ ፕፍኑርና ክሪስትል ክራንዝ ወርቁን ወሰዱ። የኦስትሪያና የስዊዘርላንድ ወንዶች አልመጡም። ስኪ የሚያስተምር ሁሉ «ባለሙያ ነው፣ ገንዘብ በልቷል» ተብሎ ስለ ተከለከለ ተቆጥተው ቀሩ። ያን ጊዜ «ፕሮፌሽናል» መባል እንደ ስድብ ነበር።

ጨዋታው የካቲት 6 ተጀምሮ የካቲት 16 አበቃ። በመሐሉ፣ የካቲት 10፣ የጣልያን ጦር በእንደርታ በራስ ሙሉጌታ ሠራዊት ላይ ማጥቃት ጀመረ፤ የአምባ አራዶም ጦርነት። ለዘጠኝ ቀን ያህል መድፍና አውሮፕላን ያን አምባ ሲያርሱት ሰነበቱ። እዚያ ከተሰለፉት የጣልያን ክፍሎች አንዱ ፑስቴሪያ የሚባለው የአልፒኒ ክፍለ ጦር ነበር። አልፒኒ ማለት የአልፕስ ወታደሮች ናቸው፤ ባርኔጣቸው ላይ ላባ የሚሰኩ፣ በሰላሙ ጊዜ ሥልጠናቸው ተራራ መውጣትና በስኪ መሄድ የሆነ። በረዶ ወደማያውቀው ተራራችን የመጡት የበረዶ ሰዎች ናቸው። በዚያው ሳምንት፣ የካቲት 14፣ በጋርሚሽ የወታደሮች የስኪ ጉዞ ውድድር ተደረገ፤ ጠመንጃ አንግቶ መሮጥና ኢላማ መምታት ያለበት። አሸናፊው ማን ሆነ? የጣልያን ቡድን። ፊንላንድንና ስዊድንን ቀድመው ገቡ። ባልንጀሮቻቸው እንደርታ ላይ፣ እነሱ ባቫሪያ ላይ።

ወሩ አልፎ መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ ጠያራዎቹ ሐረር ደረሱ። ከተማይቱ ጦር የሌለባት ክፍት ከተማ ተብላ ታውጃ ነበር። ቦምቡ ግን ወረደ።

ከዚህ ወዲያ ጥቂት አሥርት ዓመታትን እንሻገር። ስላሎም ለብቻው የኦሊምፒክ ውድድር የሆነው እ.ኤ.አ. በ1948 በሴንት ሞሪትዝ ነው። ኢትዮጵያ በ1956 ሜልቦርን ላይ ኦሊምፒክን ተቀላቀለች፤ አራት ዓመት ቆይቶ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮምን አሸነፈ፣ ከአክሱም በተወሰደው ሐውልት አጠገብ እየሮጠ። ይህን የማያውቅ የለም። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን የአበበን የበረዶ ውድድር ነው።

በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ከሆነ በኋላ አበበ በእንግሊዝ አገር ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ታከመ፤ እዚያም ተቀምጦ ቀስት መወርወርና የጠረጴዛ ቴኒስ መጫወት ጀመረ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1971 ኖርዌይ ላይ ለአካል ጉዳተኞች በተዘጋጀ ውድድር በእንግድነት ተጠራ። እንግዳ ሆኖ መቀመጥ አልወደደም። በቀስቱም በቴኒሱም ገባ፤ ቀጥሎም በበረዶ ላይ በሚጎተት ሸርተቴ 16 ተወዳዳሪዎች በተሰለፉበት የአገር አቋራጭ ጉዞ ተሰልፎ በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። እግር ያልነካው ድል ነው። በረዶ ላይ ካሸነፉ ኢትዮጵያውያን የማውቀው የመጀመሪያው እሱ ነው፤ ያለ ጫማ ሮም ላይ፣ ያለ እግር ኖርዌይ ላይ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ዐረፈ።

አበበ ካለፈ ዓመት ሳይሞላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ከሐረር ወጣ ብላ ባለችው ኤጀርሳ ጎሮ የተወለዱት ንጉሠ ነገሥት በትንሽ ቮልስዋገን መኪና ከቤተ መንግሥታቸው ተወሰዱ። ከአራት ቀን በኋላ፣ መስከረም 6፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሮቤል ተክለማሪያም ተወለደ። እንዲህ ያለ ሳምንት ላይ የተወለደ ሕፃን ዕጣው ከአገር መውጣት ቢሆን አይገርምም፤ የዚያ ትውልድ ልጆች ስንቱ ወጥቷል። ሮቤል በልጅነቱ ከእናቱ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደ። ትምህርቱንና ስኪውን ያገኘው በኒው ዮርክ ግዛት ሰሜናዊ ጫፍ ባለችው ሌክ ፕላሲድ ነው።

ሌክ ፕላሲድ ተራ መንደር አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1932ና በ1980 ሁለት ጊዜ የክረምት ኦሊምፒክ ያዘጋጀች ትንሽ ከተማ ናት። በ1980 ላይ ስዊድናዊው ኢንገማር ስቴንማርክ በዚያ ስላሎሙንም ግዙፉን ስላሎምም አሸነፈ። ስቴንማርክ በዓለም ዋንጫ 86 ድል አለው፤ 86ቱም ከእነዚህ ከሁለቱ የበር ውድድሮች የተገኙ ናቸው፤ በቀጥተኛው ቁልቁለት አንድም የለውም። ለስላሎም ሰው ሙያ ማለት ይህ ነው፤ ዕድሜ ልክ አንድ ነገር ማሾል። 50 ሰከንድ ገደማ በሚፈጅ ሩጫ ውስጥ ከ50 በላይ በሮችን ግራ ቀኝ እየተጣጠፉ ማለፍ፣ ቋሚውን በቅልጥምና በክንድ እየደበደቡ፣ ሁለቱም የስኪ ጫፎችና ሁለቱም እግሮች ግን በበሩ ውስጥ ማለፋቸውን ሳይስቱ። አንድ ስኪ በቋሚው ወዲያ፣ አንዱ ወዲህ ከሆነ ሩጫው አለቀ። ከዚያም አሯሯጡ ሁለት ዙር ነው፤ የሁለቱ ሰዓት ይደመራል፤ ለሁለተኛው ዙር ደግሞ በሮቹ በሌላ አቀማመጥ ይተከላሉ።

ሮቤል ግን ሙያው ያደረገው ሌላውን፣ አገር አቋራጭ ስኪን ነው። አገር አቋራጭ! ይህን ቃል ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ቀነኒሳ በቀለ በየዓመቱ አጭሩንም ረጅሙንም ሲጠራርግ ያየን ሰዎች ነን። በስኪም ነገሩ ያው ነው፤ ሽቅብ በራስ ሳንባ፣ ቁልቁል በራስ ሚዛን። ሊፍት የለም፣ የሚጎትት ገመድ የለም። ቀጭን ስኪ፣ ተረከዙ የሚነሣ ጫማ፣ ሁለት ዘንግ። ስልቱ ሁለት ነው። ክላሲክ በሚባለው፣ በተቀደደ ቦይ ውስጥ እግር ወደፊትና ወደኋላ ይጣላል፤ ፍሪስታይል በሚባለው እንደ በረዶ ሜዳ ስኬቲንግ ወደ ጎን ይገፋል። በክላሲክ ከስኪው በታች የሚቀባው ሰም ነገሩን ሁሉ ይወስናል። ለቀዝቃዛ በረዶ አንድ ዓይነት፣ ለሚቀልጠው ሌላ፤ የተሳሳተ ሰም የቀባ ሽቅቡ ላይ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ቅኔ ለለመደ ሰው ቀላል ነው፤ በዚህ ስፖርት ወርቁ ያለ ሰሙ አይገኝም።

ሮቤል ከሌክ ፕላሲድ ወደ ኒው ሃምፕሸር ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ለዩኒቨርሲቲው የስኪ ቡድን ተወዳደረ። የኒው ኢንግላንድ ኮሌጆች በስኪ ብርቱ ናቸው፤ ከዚያ የሚወጣ ልጅ አሜሪካዊ ቢሆን ኖሮ በመቶዎች መካከል አንድ ነው። ኢትዮጵያዊ ሆኖ ግን ብቻውን ነው። ብቻውን መሆን ደግሞ በኦሊምፒክ ሕግ ዕድልም መከራም አለው።

ለእንዲህ ዓይነት ብቸኞች መንገዱን የጠረጉት ቀድመው ከአህጉራችን የሄዱት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 ሳራዬቮ ላይ ላሚን ጌይ የሚባል ሴኔጋላዊ በቁልቁለትና በግዙፍ ስላሎም ወረደ፤ በክረምት ኦሊምፒክ የቁልቁለት ስኪ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ነው። ሴኔጋል በረዶ የላትም፤ ጌይ ግን በ1992ና በ1994ም ተመለሰ። በ1998 ናጋኖ ላይ ኬንያዊው ፊሊፕ ቦይት በ10 ኪሎ ሜትር ክላሲክ ከሁሉ መጨረሻ 92ኛ ሆኖ ገባ። ወርቁን ያሸነፈው ኖርዌያዊው ቢዮርን ዴሊ የሽልማቱን ሥነ ሥርዓት አስቆይቶ መጨረሻው መሥመር ላይ ጠበቀውና አቀፈው። ያ ምስል ዓለምን ዞረ። ለእኔ ትዝ የሚለኝ ግን ሌላው ነገር ነው፤ ቦይት ኬንያ ውስጥ ከሯጮች ተመርጦ የሠለጠነ ነው፤ ከጀርባው ስፖንሰር ነበረው። የሮቤል ነገር በተቃራኒው ነው። ስኪውን ያውቃል፤ የጎደለው አገሩ የምትሰጠው ወረቀት ነው።

ወረቀቱ እንዲህ ነው። አንድ ሰው በዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን ውድድር ስሙ ተመዝግቦ ነጥብ ለማግኘት፣ ከአገሩ ብሔራዊ የስኪ ማኅበር መላክ አለበት። ማኅበሩ ደግሞ በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን መታወቅ አለበት፤ ወደ ኦሊምፒክ ለመሄድም የአገሪቱ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ማቅረብ አለበት። ኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ የእግር ኳስ፣ የአትሌቲክስ፣ የብስክሌት፣ የቦክስ ፌዴሬሽን ነበራት። የስኪ ፌዴሬሽን? ማን ያስበዋል! ስለዚህ ሮቤል ራሱ አቋቋመው። አትሌቱም እሱ፣ መሥራቹም እሱ፣ አባሉም እሱ። በእኛ አገር ቢሮ ለቢሮ ደብዳቤ ይዞ የዞረ ሰው የዚህን ሥራ ክብደት ያውቀዋል፤ 15 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ከመውጣት ይቀላል የሚል አይገኝም።

ከዚያ ነጥቡ ነው። በስኪ ነጥብ ሲያንስ ይሻላል፤ ከአሸናፊው ጋር ያለህ የሰዓት ልዩነት ወደ ነጥብ ይቀየርና ትንሹን የያዘ ያልፋል። ትንንሽ አገሮች በዓለም ከፍተኛ ደረጃ ላይ ያለ ሰው ባይኖራቸውም፣ የተቀመጠውን ዝቅተኛ መስፈርት ያሟላ አንድ ሰው ካላቸው ይላካል። ይህ ማለት ግን ነጥብ ለመሰብሰብ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ትንሽ ውድድር ወደ ሌላው መዞር ነው፤ ሆቴል፣ ትኬት፣ ሰም፣ ስኪ።

በመካከሉ ሮቤል አዲስ አበባም መጣ። በረዶ የለምና ሮለር ስኪ ይዞ፤ አጠር ያለ ስኪ ነው፣ ከፊትና ከኋላ ጎማ ያለው፣ አስፋልት ላይ የሚሄድ። ስካንዲኔቪያውያን በበጋ እንዲህ ነው የሚለማመዱት፤ አዲስ ፈሊጥ አይደለም። አዲሱ ነገር መንገዱ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው አስፋልት፣ ሚኒባስ፣ አህያ፣ ጉድጓድ፣ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ የሚቆም መንገደኛ። ሁለት ዘንግ እየወጋ በእግሩ ላይ ጎማ አስሮ የሚሄድ ሰው ፎቶግራፉ በውጭ አገር ጋዜጦች ወጣ። ፈረንጆች እንደ ቀልድ አዩት፤ «በበረሃ አገር ስኪ» የሚል ዓይነት ጽሑፍ በዛ። እኔ ቀልዱ አይታየኝም። በከፍታ ቦታ ላይ ሳንባን ለማሠልጠን ከአዲስ አበባ የተሻለ ከተማ ስንት አለ? የዓለም ሯጮች ለዚያ ብለው ይመጡ የለም ወይ።

እ.ኤ.አ. የካቲት 10 ቀን 2006 ቱሪን ላይ የ20ኛው የክረምት ኦሊምፒክ መክፈቻ ሆነ። ከአንድ አትሌት ጋር፣ በዚያው አትሌት እጅ፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀዩ ባንዲራ ወደ ስታዲየሙ ገባ። ማዳጋስካርና አልባኒያም በዚያ ዕለት እንደኛው የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበር።

ቀኑን ልብ በሉ። የካቲት 10። አምባ አራዶም ላይ መድፉ ከተከፈተ ልክ 70 ዓመት። ማንም ይህን አስቦ ቀኑን አልመረጠውም፤ የቀን አቆጣጠር አንዳንዴ ከሰው ይልቅ ያስታውሳል። አልፒኒዎቹ በሰላሙ ጊዜ ስኪ ይለማመዱባቸው ወደነበሩት የአልፕስ ተራሮች፣ ከ70 ዓመት በኋላ ኢትዮጵያዊ ስኪ ታጥቆ መጣ። ከዚያ አስቀድሞ ባለው ሚያዝያ ደግሞ፣ 2005 ላይ፣ የአክሱም ሐውልት በክፍል በክፍል ተፈትቶ በአውሮፕላን ከሮም ወደ አክሱም ተመልሶ ነበር። አበበ ሮምን ሲሮጥ አጠገቡ የቆመው ሐውልት በቦታው አልነበረም።

ውድድሩ የካቲት 17 ቀን ፕራጄላቶ በምትባል፣ ከ1,500 ሜትር በላይ በሆነች የኪዞኔ ሸለቆ መንደር ተካሄደ። ስላሎሙ በሚካሄድባት በሴስትሪዬሬ ሥር ናት። ውድድሩ 15 ኪሎ ሜትር ክላሲክ ሲሆን፣ ተወዳዳሪዎች በ30 ሰከንድ ልዩነት አንድ በአንድ ይለቀቃሉ። እንዲህ ባለው አጀማመር ተወዳዳሪው ማን የት እንዳለ አያውቅም፤ የሚሮጠው ከሰዓት ጋር ነው፤ አልፎ አልፎ ከኋላው የተነሣ ብርቱ ሰው ጩኸት ያሰማዋል፣ ቦዩን ለቅቆለት ያልፋል። ኢስቶኒያዊው አንድሩስ ቬርፓሉ በ38 ደቂቃ ከ1 ሰከንድ ወርቁን ወሰደ፤ አራት ዓመት ቀድሞ የወሰደውን ነው የደገመው። ሮቤል 83ኛ ሆነ። ቦይትም በዚያው ውድድር ነበር፤ ሮቤል ቀድሞት ገባ። ኢትዮጵያና ኬንያ በረዶ ላይም ተሽቀዳድመዋል፤ ይህን የሚያውቅ የሩጫ ተመልካች አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ አይመስለኝም።

አራት ዓመት ቆይቶ፣ በ2010፣ ሮቤል በ35 ዓመቱ ቫንኩቨር ላይ እንደገና ባንዲራውን ያዘ። የካቲት 12፣ የመክፈቻው ዕለት፣ ሉዥ በሚባለው የሸርተቴ ውድድር የተሰለፈው ጆርጂያዊ ኖዳር ኩማሪታሽቪሊ በልምምድ ላይ ከመንገዱ ወጥቶ ሞቶ ስለነበር ሥነ ሥርዓቱ በሐዘን ነው የተጀመረው። የካቲት 15 ሮቤል ዊስለር ላይ 15 ኪሎ ሜትር ፍሪስታይል ሮጠ፤ 93ኛ። አሸናፊው የስዊዘርላንዱ ዳሪዮ ኮሎኛ ነበር። ከቱሪን ሲታይ በደረጃ ወርዷል። ነገር ግን በዚያ ዕድሜ፣ ከኋላው ቡድን ሳይኖረው፣ ሁለተኛ ጊዜ መስፈርቱን አሟልቶ መምጣቱ ከደረጃው ይከብዳል ባይ ነኝ።

በዚያው ቫንኩቨር ላይ ትክክለኛውን ስላሎም የሮጠ አፍሪካዊም ነበር። ክዋሜ ንክሩማ አቼምፖንግ ጋናዊ ነው፤ ግላስጎው ተወልዶ ጋና ያደገ፣ በዕድሜ የሮቤል እኩያ። ስኪ ያየው ትልቅ ሰው ሆኖ፣ እንግሊዝ አገር ሚልተን ኬንስ ላይ ጣራ ሥር በተሠራ የበረዶ ሜዳ እንግዳ ተቀባይ ሆኖ ሲቀጠር ነው። ለቱሪን ለጥቂት ቀረ። ለቫንኩቨር ከ140 በታች የሆነውን ነጥብ ይዞ ደረሰ። የነብር ቆዳ መልክ ያለው ልብስ ስለሚለብስ «የበረዶው ነብር» ይሉታል። የካቲት 27 ከ102 ተወዳዳሪዎች ጋር ተነሥቶ 47ኛ ሆነ፤ ከተነሡት ግማሽ የሚያህሉት በር ስተው ወይም ወድቀው ቀርተዋል። ስላሎም የሚያሳዝነውም የሚያስደስተውም እዚህ ላይ ነው። ጎበዞቹ ቀድመው ይወርዳሉ፣ በረዶው ገና ለስላሳ ሳለ። ደካማው መጨረሻ ይለቀቃል፤ በዚያን ጊዜ መንገዱ በ90 ሰው ስኪ ታርሶ ጎድጓዳ ሆኗል። ከሁሉ የከፋው መንገድ ከሁሉ ያነሰ ልምምድ ላለው ይሰጣል። ያም ሆኖ ሳይወድቅ የደረሰ፣ ቸኩሎ የወደቀውን ጎበዝ ይቀድመዋል።

ከቫንኩቨር ወዲህ በሶቺም፣ በፒዮንግቻንግም፣ በቤይጂንግም የክረምት ኦሊምፒክ የኢትዮጵያ ስም አልተጠራም። ፌዴሬሽን የመሠረተው ሰው ብቸኛ አትሌቱም ሲሆን፣ አትሌቱ ሲያርፍ ፌዴሬሽኑም ያርፋል።

ከቅርብ ጎረቤት ግን አንድ ሰው ተነሣ። ሻነን አበዳ ወላጆቹ ኤርትራውያን ናቸው፤ እሱ ካናዳ፣ አልበርታ ግዛት ውስጥ፣ ፎርት ማክመሪ ተወለደ። ሳንባውን ሳይሆን ቁልቁለቱን ያዘ፤ ስላሎምና ግዙፍ ስላሎም። በ2012 ኢንስብሩክ ላይ በወጣቶች የክረምት ኦሊምፒክ ኤርትራን ወክሎ ተወዳደረ፤ በ2018 ፒዮንግቻንግ ላይ ለኤርትራ የመጀመሪያው የክረምት ኦሊምፒክ ተሳታፊ ሆነ። በግዙፍ ስላሎም 61ኛ ወጣ። ስላሎሙን ግን አልጨረሰም። ከዚያ በኋላ ስኪውን ሰቅሎ ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ አወረደው።

ቤይጂንግ 2022 ነጭ ተራራ አልነበራትም ማለት ይቻላል። በያንቺንግ ያለው ቁልቁለት ደረቅ፣ ቡናማ ተራራ ነው፤ የውድድሩ መንገድ ብቻ ውሃ በሚተፉ ማሽኖች ነጭ ተደርጎ እንደ ነጠላ ጥለት ተዘርግቶበታል። የክረምት ኦሊምፒክ ሙሉ ለሙሉ ማለት ይቻላል በተሠራ በረዶ ሲካሄድ የመጀመሪያው ነው። ውሃና ብርድ ያለው ሁሉ በረዶ የሚያመርትበት ዘመን ከመጣ እንግዲህ «በረዶ የሌለው አገር» የሚለው ነገር ትርጉሙ ምን ሊሆን ነው እያልኩ ነበር የማየው።

የካቲት 13፣ የወንዶች ግዙፍ ስላሎም በተያዘበት ዕለት ግን እውነተኛው በረዶ መጣ። ከሰማይ፣ ማንም ሳያመርተው፣ እንደ ባዘቶ። ተራራው ጠፋ፤ በሮቹ አልታይ አሉ፤ ለስፖርቱ ሲባል በብዙ ገንዘብ የተነጠፈው መንገድ በነፃ በወረደው ተሸፈነ፤ ሁለተኛው ዙር ከአንድ ሰዓት በላይ ዘገየ። ብዙዎች በዚያ ቀን አልጨረሱም። የስዊዘርላንዱ ማርኮ ኦደርማት አሸነፈ። ሁሉም ጎበዞች ወርደው ካለቁ በኋላ፣ መንገዱ ታርሶ፣ በላዩ አመዳይ ተደርቦበት፣ ሻነን አበዳ ወረደ። ሁለቱንም ዙር ጨረሰ፤ 39ኛ።